«ሰበር ወስኗል» ማለትና የመዝገቡን ቁጥር ማወቅ

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፥ በተለይም በካዛንቺስ፥ ሱቅ ከፍቶ ወይም የአስመጭነት ቢሮ ይዞ የኖረ ሰው ከፍርድ ቤት ደጅ ሳይደርስ ዘመኑን ይጨርሳል ማለት አይቻልም። ከሳሽ ባይሆን ተከሳሽ፥ ተከሳሽ ባይሆን ዋስ፥ ዋስም ባይሆን ምስክር ሆኖ መጠራቱ አይቀርም። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ የመጣው በጠላት ወረራ ዘመን ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ያሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው ድርጅት ቤቶች ነው። ከዚያ ወዲህ የሠፈሩ ቤት ብዙ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 የብዙውን ቤት ባለቤትነት ለወጠ፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ በመልሶ ማልማቱ ሥራ ምክንያት ብዙ ነዋሪና ባለሱቅ ከሠፈሩ ተነሥቶ ወደ ሌላ ተዛወረ። ዕቃውን ያዛወረ ነጋዴ ወረቀቱንም አብሮ አዛውሯል፤ የኪራይ ውሉን፥ የሽርክናውን ስምምነት፥ የመደብር ሽያጩን፥ የብድሩን ሰነድ። እነዚህ ወረቀቶች ከሣጥን በወጡ ጊዜ ክርክርም አብሮ ይወጣል።

ክርክር በተነሣ ቍጥር ከሰው አፍ የማይጠፋ አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም «ይህን ነገር ሰበር ወስኖታል» የሚል ነው። ከቡና ቤት ይሰማል፤ ከራፖር ጸሐፊው ጠረጴዛ ይሰማል፤ ዛሬም ከቴሌግራም ላይ ይነበባል። በየትኛው መዝገብ? በስንት ዓመተ ምሕረት? ስለ ምን ዓይነት ውል? ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ ግን ተናጋሪው ዝም ይላል፤ ወይም «ጠበቃው ያውቀዋል» ብሎ ያልፋል። ጠበቃውም ቢሆን መዝገቡን አውጥቶ ያላነበበ እንደ ሆነ ከተናጋሪው የሚሻልበት ነገር የለም። ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፥ የአንድን ፍርድ ሥር መያዝ ለሕግ ሰዎች ብቻ የተተወ ሥራ ሳይሆን ገንዘቡን በውል ላይ ለሚያሳርፍ ነጋዴ ሁሉ የሚጠቅም በመሆኑ፥ ስለ ውሳኔዎች አፈላለግና አጠቃቀስ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ማስረዳት ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ሰበር ሰሚ ችሎት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክፍል ነው። ሥራውም የመጨረሻ ውሳኔ ባረፈበት ጉዳይ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ተፈጽሞ እንደ ሆነ መርምሮ ማረም ነው እንጂ እንደ አዲስ ምስክር መስማትና ማስረጃ መመዘን አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 ለዚህ ችሎት ትልቅ ኀይል ሰጠው፤ አምስትና ከዚያ በላይ ዳኞች ተሰይመው የሚሰጡት የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉት የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶች ሁሉ የሚገዙበት እንዲሆን ደነገገ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 የቀድሞውን ቢተካም ይህን መሠረት አጽንቶታል፤ ቀድሞ የተሰጠውን አስገዳጅ ትርጉም ለመለወጥም ከሰባት ያላነሱ ዳኞች መቀመጥ እንዳለባቸው ጨምሮበታል። በዚሁ አዋጅ መሠረት እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክስ የሚጀመረው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። እንግዲህ በቂርቆስ ምድብ ችሎት የተቀመጠው ዳኛ፥ የአንድ ባለሱቅ ጉዳይ በቀረበለት ጊዜ፥ ሰበር በተመሳሳይ ነገር ላይ የሰጠውን ትርጉም «አልቀበልም» ሊል አይችልም ማለት ነው። ነገር ግን ትርጉሙ ከሙግቱ ጋራ እንዲገናኝ አንድ ሰው ፈልጎ አውጥቶ፥ ቁጥሩን ጽፎ ሊያቀርበው ይገባል።

የበላይ ፍርድ ቤት ትርጉም የበታቹን ያስገድድ የሚለው ሐሳብ በ1997 ዓ.ም. የተፈጠረ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። አይደለም። በ1955 ዓ.ም. የወጣው የፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 195 የበታች ፍርድ ቤቶች በሕግ ጉዳይ የበላዮቻቸውን ውሳኔ እንዲከተሉ በ15ኛው አንቀጽ ደንግጎ ነበር። ይሁን እንጂ ውሳኔዎቹ በመደበኛ መጽሐፍ ታትመው ለዳኞችና ለተሟጋቾች ስላልተሠራጩ አንቀጹ ከወረቀት ብዙም አላለፈም። ያልታተመ ፍርድ ማንን ሊያስገድድ ይችላል? በ1956 ዓ.ም. የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ «የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት»ን ማሳተም ሲጀምር የተመረጡ ፍርዶችን በአማርኛና በእንግሊዝኛ እያወጣ ይህን ጕድለት በከፊል ሞላው። መጽሔቱ የዩኒቨርሲቲ መጽሔት እንጂ የፍርድ ቤቱ የራሱ መዝገብ ስላልነበረ ግን ሥራው በምርጫ ላይ ብቻ የቆመ ነበር። ዛሬ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ የሰበር ውሳኔዎችን በቅጽ በቅጽ እያደረገ ያሳትማል፤ በድረ ገጹም ያወጣቸዋል። ቅጾቹ ከሃያ በላይ ሆነዋል። ነጋዴው ገንዘብ ሳያወጣ ሊያነባቸው የሚችል ሆኖ ሳለ ከሰው አፍ ብቻ መስማቱ ያስገርማል።

አፈላለጉ እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ ቅጽ መግቢያ ላይ ማውጫ አለ፤ ማውጫውም ጉዳዮቹን በዓይነት በዓይነት ይለያቸዋል፤ ውል፥ ንግድ፥ ሥራ ክርክር፥ ውርስ፥ ሥነ ሥርዓት እያለ። ከእያንዳንዱ ውሳኔ ጐን ሁለት ወይም ሦስት መስመር ያህል አጭር መግለጫ፥ የመዝገቡ ቁጥርና ገጹ ተጽፏል። አንባቢው መጀመሪያ የጉዳዩን ዓይነት፥ ቀጥሎም የሕጉን አንቀጽ ይዞ ይፈልግ። «ኪራይ» ብሎ ከመፈለግ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ ይዞ መፈለግ ይፈጥናል፤ ሰበር የሚተረጕመው አንቀጽ ነውና።

ከማውጫው ላይ ያለውን አጭር መግለጫ አንብቦ መጽሐፉን መዝጋት ግን በብዙ ሰው ላይ የሚታይ ልማድ ነው። መግለጫው የተጻፈው ለመፈለጊያ ነው፤ ፍርድ አይደለም። ፍርዱን ለማወቅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መነበብ አለበት። በመጀመሪያ ቀኑና የዳኞቹ ስም፥ ቀጥሎ አመልካችና ተጠሪ፥ ከዚያም በታች ፍርድ ቤቶች የነበረው ክርክር ይተረካል። ይህ ትረካ አንዳንድ ጊዜ ብዙ ገጽ ይይዛል፤ ችሎቱ የራሱን ቃል የሚጀምረው የግራ ቀኙን ክርክር መመርመሩን ከገለጸ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን የተከራካሪ ቃል የሰበር ቃል አድርጎ የሚጠቅስ ሰው አለ፤ ይህ ራስን ማሳፈር ነው። በመጨረሻው «ውሳኔ» በሚለው ርእስ ሥር የበታቹ ፍርድ መጽናቱን፥ መሻሩን ወይም መሻሻሉን እናገኛለን። ከዚያም በታች አንዳንድ ጊዜ «የሐሳብ ልዩነት» ይኖራል፤ ይህ በድምፅ የተበለጡት ዳኞች አስተያየት ስለሆነ፥ የቱንም ያህል ቢያምር፥ አያስገድድም።

ሌላም ሊለይ የሚገባው ነገር አለ። የሰበር አቤቱታ በመጀመሪያ የሚታየው በሦስት ዳኞች ነው፤ እነርሱም «ያስቀርባል» ወይም «አያስቀርብም» ይላሉ። «አያስቀርብም» የተባለበት ትእዛዝ የያዘ ሰው «ሰበር አጸናልኝ» ቢል ለራሱ ጉዳይ እውነቱን ነው፤ ለሌላ ሰው ጉዳይ የሚጠቀስ የሕግ ትርጉም ግን በእጁ የለም።

አጠቃቀሱን በተመለከተ፥ በእንግሊዝ አገር ፍርድ የሚጠራው በተከራካሪዎቹ ስም ነው። እኛ ዘንድ ግን፥ ሕጎቻችንን ካረቀቁት ምሁራን አገር ከፈረንሳይ ልማድ ጋራ በሚቀራረብ አኳኋን፥ ፍርዱ የሚታወቀው በፍርድ ቤቱ፥ በቁጥሩና በቀኑ ነው። ስለዚህ በክስ ማመልከቻ ወይም በመልስ ላይ «የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፥ የሰ.መ.ቁ. 21448፥ ቅጽ 4» ተብሎ፥ የተሰጠበት ቀንና ገጹም ተጨምሮ ይጻፋል። ቅጹና ገጹ ዳኛው በፍጥነት እንዲያገኘው ይረዳሉ፤ ዋናው ግን የመዝገቡ ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ነጋዴውን የሚያሳስተው አንድ ጉዳይ በየደረጃው ልዩ ልዩ ቁጥር መያዙ ነው፤ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከፍተኛው ሌላ፤ ሰበርም የራሱን። ከፍርዱ ግርጌ የተጻፈውን የበታች ፍርድ ቤት ቁጥር ገልብጦ «የሰበር ቁጥር» ብሎ የሚያቀርብ ሰው ዳኛውን ባዶ መዝገብ ያስፈልገዋል። ደግሞም ቁጥር የሚሰጠው መዝገቡ በተከፈተ ጊዜ እንጂ ፍርዱ በተሰጠ ጊዜ ስላልሆነ፥ ትልቁን ቁጥር አይቶ «የኋለኛው ፍርድ ይህ ነው» ማለት አይገባም፤ ቀኑ ይታይ።

ከላይ የጠቀስነው መዝገብ ቁጥር 21448 በ1999 ዓ.ም. የተወሰነ ሲሆን፥ ቤት ወይም ሕንፃ የሚገዛ ነጋዴ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ክፍል ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ነገር ግን በአገራችን ልማድ ሽማግሌ አስቀምጦ፥ ሦስት ምስክር አስፈርሞ፥ ገንዘብ ቈጥሮ መለያየት የቆየ ነገር ነው። ሰበር በዚህ መዝገብ የሰጠው ትርጉም እንዲህ ያለው ያልተመዘገበ ወረቀት ረቂቅ እንጂ የጸና ውል አይደለም የሚል ነበር። ውጤቱን ማሰብ ነው። ገዢው ቤቱን ይዞ፥ አድሶ፥ መደርደሪያ ሠርቶ፥ ደንበኛ አፍርቶ ከተቀመጠ በኋላ የቤቱ ዋጋ እጥፍ በሆነ ጊዜ ሻጩ ይመጣና «ውል የለንም» ይለዋል። ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል፤ በዚያ ገንዘብ ግን ያንን ቤት ዳግመኛ አይገዛውም። ምዝገባው የሚፈጅበት ጊዜና ክፍያ ከዚህ ጋራ ሲተያይ ምን ያህል ነው?

ይሁን እንጂ 21448ን ብቻ ይዞ የሮጠ ሻጭም ሊወድቅ ይችላል። ተዋዋዮቹ ውሉን ማድረጋቸውን ያልተካካዱበት ጉዳይ ከዚያ በኋላ በሌሎች መዝገቦች ተለይቶ ታይቷል። እንዲሁም በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 639 አንቀጽ 1723ን ሲያሻሽል፥ ከባንክና ከአነስተኛ የገንዘብ ተቋም ጋራ የሚደረገውን የብድርና የመያዣ ውል ከዚህ የምዝገባ ግዴታ ነፃ አውጥቶታል። ከዚህም ሌላ የንግድ መደብር፥ ማለት የንግድ ስሙ፥ ደንበኛውና ዕቃው በአንድነት፥ በሕግ ዓይን የማይንቀሳቀስ ንብረት አይደለም፤ ግዙፍነት የሌለው ተንቀሳቃሽ ነው። ስለዚህ አንድ የካዛንቺስ ባለሱቅ ግድግዳውን ሳይሆን መደብሩን ብቻ ሸጦ እንደ ሆነ፥ ስለ ቤት ሽያጭ የተሰጠውን ፍርድ ቢጠቅስ ነገሩ አይገናኝም፤ የንግድ ሕጉ ስለ መደብር ሽያጭ ያዘዘውን ማየት ነው። ፍርዱ ትክክል፥ ቁጥሩ ትክክል፥ ጉዳዩ ግን ሌላ ሆኖ የተገኘበት ክርክር ብዙ ነው።

ለአስመጭዎችና ለላኪዎች ይበልጥ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ምሳሌ የግልግል ዳኝነትን የሚመለከት ነው። ብዙዎቹ የሽያጭ፥ የውክልናና የሥራ ተቋራጭነት ውሎች በመጨረሻው ገጽ ላይ «አለመግባባት ቢነሣ በግልግል ይታያል፤ የገላጋዮቹም ውሳኔ የመጨረሻ ይሆናል» የሚል ቃል አላቸው። «የመጨረሻ ይሆናል» ማለት ወደ ሰበርም አይኬድም ማለት ነውን? ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21849 ተዋዋዮች በዚህ አኳኋን ከተስማሙ ስምምነታቸው ይከበራል የሚለውን መንገድ ይዞ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ግን በመዝገብ ቁጥር 42239፥ በቅጽ 10 እንደ ታተመው፥ መንገዱን ለወጠ፤ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ያለበት የግልግል ውሳኔ፥ ተዋዋዮቹ የመጨረሻ ነው ቢሉትም እንኳ፥ በሰበር ሊታይ ይችላል አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 ለሰበር የሰጠው ሥልጣን በአማርኛው «ማናቸውንም የመጨረሻ ውሳኔ» የሚል ሲሆን በእንግሊዝኛው ግን የፍርድ ቤት ውሳኔ ብሎ ስለሚወስነው፥ በዚህ ነጥብ ላይ የሕግ ምሁራን ብዙ ተከራክረዋል።

ከ2003 ዓ.ም. በኋላ ውል ያረቀቀ ነጋዴ 42239ን ማወቅ ነበረበት፤ የ21849ን ቃል አምኖ «ነገሬ በገላጋይ ያልቃል» ያለ ሰው ሳያስበው ወደ ሰበር ሊሳብ ይችል ነበርና። ከዚያም በ2013 ዓ.ም. የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር አዋጅ ቁጥር 1237 ወጣ። በአዲሱ አዋጅ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ሲኖር ወደ ሰበር መሄድ ይቻላል፤ ተዋዋዮቹ በተቃራኒው የተስማሙ እንደ ሆነ ግን አይቻልም። እንግዲህ ዛሬ 42239ን ብቻውን የሚጠቅስ ሰው ሕግ አውጭው በላዩ ላይ የጨመረውን ሳያይ ቀርቷል ማለት ነው። በአንድ ጥያቄ ላይ ሁለት ፍርድና አንድ አዋጅ፥ ሦስቱም በየጊዜያቸው ልዩ ልዩ መልስ ሰጥተዋል። በእጁ የአሥር ዓመት ውል ያለው ነጋዴ የመጨረሻውን ገጽ አውጥቶ «የመጨረሻ» የሚለው ቃል ምን እንደሚልና ውሉ መቼ እንደ ተፈረመ ቢመለከት፥ ሰበርንም በስም ጠርቶ «ወደ ሰበርም አይቀርብም» ወይም «ይቀርባል» ብሎ በግልጽ ቢጽፍ ይሻለዋል። የገላጋዮች ውሳኔ እንደ ፍርድ ቤት ፍርድ ታትሞ ለሕዝብ የሚወጣ ስላልሆነ፥ በዚህ ጉዳይ ተጽፎ የምናገኘው እነዚሁ የሰበር መዝገቦችና አዋጁ ናቸው።

ከዚህ ጋራ የሚያያዝ አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። የ1952ቱ የንግድ ሕግ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ተተክቷል ሲባል የሰማ ሰው ሁሉም የተሻረ ይመስለዋል። የተሻሩት ስለ ነጋዴዎችና መደብሮች፥ ስለ ንግድ ማኅበሮችና ስለ መክሠር የሚናገሩት መጽሐፎች ናቸው። ስለ ማጓጓዝና ስለ ኢንሹራንስ የሚናገረው ሦስተኛው መጽሐፍ፥ እንዲሁም ስለ ቼክ፥ ስለ ሐዋላ ወረቀትና ስለ ባንክ ሥራ የሚናገረው አራተኛው መጽሐፍ ግን እንደ ጸኑ ናቸው። ስለዚህ ጭነቱ በመንገድ የጠፋበት አስመጭ ወይም ስንቅ የሌለው ቼክ የተሰጠው ባለሱቅ በ1952ቱ ሕግ ላይ የተሰጡትን የሰበር ትርጉሞች ያለ ሥጋት ሊጠቅስ ይችላል። በአንጻሩ ስለ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አሮጌ ፍርድ የያዘ ሰው፥ የተተረጐመው አንቀጽ በአዲሱ ሕግ ውስጥ በምን ቃል እንደ ገባ ወይም እንደ ቀረ ሳያስተያይ ወደ ዳኛ ፊት ባይወጣ ይመረጣል። አንቀጹ የተለወጠበት ፍርድ ለታሪክ ይጠቅማል፤ ለሙግት ግን ያንሳል።

የሰበር ፍርድ ሕገ መንግሥታዊ ጥያቄ ተነሥቶበት የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሻረበት ጊዜም አለ፤ ይህ ጥቂት ስለሆነ ነጋዴውን ብዙ አያሳስበውም፤ ጠበቃው ግን ማጣራት አለበት።

በመጨረሻ፥ በቂርቆስና በካዛንቺስ በቀበሌ ቤት ይነግዱ ስለነበሩና ስላሉ ባለሱቆች አንድ ነገር እንጨምር። የቀበሌ ቤትን የሚመለከት ክርክር በከተማው ቻርተር፥ በአዋጅ ቁጥር 361/1995 መሠረት፥ በአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤቶች የሚታይ ነው፤ የግለሰብ ቤት ኪራይ ክርክር ግን ወደ ፌዴራሉ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የከተማው ፍርድ ቤቶች የራሳቸው ሰበር ሰሚ ችሎት አላቸው። ጎረቤቱ «ሰበር ፈረደልኝ» ያለው ባለሱቅ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ የከተማው ሰበር ነው ወይስ የፌዴራሉ? በአገሩ ሁሉ ያሉትን ፍርድ ቤቶች የሚያስገድደው የፌዴራሉ ትርጉም ነው፤ የከተማው ሰበር የመጨረሻ ውሳኔም መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለበት የተባለ እንደ ሆነ ወደዚያው ይቀርባል። የፍርዱ ግልባጭ በእጅ ካለ ከራስጌው የተጻፈው የፍርድ ቤቱ ስም ይህን ይለየዋል፤ ግልባጩ ከሌለም ጎረቤትን ስለ ፍርዱ ውጤት ከመጠየቅ በፊት የመዝገቡን ቁጥርና ቀኑን በወረቀት እንዲጽፍ መለመን ይሻላል።